«ተመርምረህ ግባ» ከመባሉ በፊት

የደሴን ጠዋት የኖረበት ያውቀዋል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። በ2013 መግቢያ ላይ መሥሪያ ቤታችን በር ላይ ጥበቃው ቆሞ ግንባራችንን በሙቀት መለኪያ ይለካን ነበር። ከሰኞ ገበያ በእግሩ የመጣ ሠራተኛ ግንባሩ በረዶ ሆኖ ይደርሳል። መለኪያው 34 ምናምን ያሳያል። ትኩሳት ያለበት ሰውም ብርድ ላይ ቆይቶ ከመጣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይነበብለታል። ጥበቃው አይቶ በእጁ ያሳልፈናል። ከዚያ ሁላችንም ተራ በተራ፣ በሲባጎ የታሰረችውን አንዷን እስክሪብቶ ይዘን የሰዓት መዝገብ ላይ እንፈርማለን።

ይህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ያኔ ሁሉም የቻለውን አድርጓል። የማነሳው ነገሩ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ነው። በግንቦት 2017 ሞያሌ ላይ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ተገኘ። በኅዳር 2018 ደግሞ ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ ተነገረ። ሁለቱም እንደ ኮቪድ በአየር የሚዛመቱ አይደሉም። ቢሆንም ዜናውን በሰማን ቁጥር ቢሮ ውስጥ የሚነሳው ወሬ አንድ ነው፦ «አሁን ደግሞ ተመርምራችሁ ግቡ ሊሉን ነው?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌሎች አገሮች ይህን ብለዋል። እኛም አንድ ቀን ልንል እንችላለን። እኔ የሠራተኛ ምርመራን አልቃወምም። ግን አንድ ነገር አጥብቄ አምናለሁ። የምርመራ መመሪያ የሚሠራውም የሚበላሸውም በምርመራው ማግስት ነው። ፖዘቲቭ የተባለው ሰው በነጋታው ደመወዙ፣ ስሙና ወንበሩ ምን እንደሚሆን ካልተጻፈለት፣ ያ ሰው አይመረመርም። ይደብቃል።

ይህን ያስተማረኝ ያው ጥበቃችን ነው። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ ጋሼ ነበር የምንለው። በኤጀንሲ በኩል የተቀጠረ ነው። ከሥራ በቀረ ቁጥር ይቆረጥበታል። አንድ ሰሞን ሳል ያዘው። ሳምንት ሙሉ ነጭ ሽንኩርት በማር እየበላ፣ ዳማከሴ እያሸተተ በሩ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ለምን አይመረመሩም?» አልኩት። ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገና «ልጄ፣ ቢገኝብኝ 14 ቀን ቤት ተቀመጥ ይሉኛል። የ14 ቀኑን ማን ይከፍለኛል?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። «አብሽር፣ ደህና ይሆናሉ» ብዬው ገባሁ። እሱም ግንባራችንን መለካቱን ቀጠለ። በኋላ ሳሉ ለቀቀው። ምን ይዞት እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ምርመራው ራሱ ምን ይነግረናል?

ብዙ ሰው ምርመራን እንደ ፍርድ ያየዋል። አለብህ ወይም የለብህም። እውነቱ ግን ከዚህ ይወሳሰባል።

ኮቪድ ላይ ሁለት ዋና ዓይነት ምርመራዎች ነበሩ። ፒሲአር በላቦራቶሪ የሚሠራ ነው። በጣም ጥቂት ቫይረስ እንኳ ቢኖር ያገኘዋል። ግን ማሽን፣ ባለሙያና ጊዜ ይፈልጋል። ፈጣኑ የአንቲጂን ምርመራ ደግሞ ከአፍንጫ በተወሰደ ናሙና እዚያው በሩብ ወይም በግማሽ ሰዓት ውጤት ይሰጣል። ለቢሮ በር የሚመቸው ይሄኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለፈጣኑ ምርመራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ቢያንስ 80ውን እንዲያገኝ፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ ቢያንስ 97ቱን በትክክል «የለባቸውም» እንዲል ነው።

97 ከ100 ሲባል አስተማማኝ ይመስላል። እስቲ አብረን እናስላው። በደሴና በኮምቦልቻ 1 ሺህ የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ጠዋት ተመረመረ እንበል። ቫይረሱ ገና አልተዛመተም፣ ከ100 ሰው አንዱን ብቻ ነው የያዘው። ስለዚህ ከ1 ሺሁ 10 ሰው ታሟል። ምርመራው ከእነዚህ 8ቱን ያገኛል፣ 2ቱ ያልፋሉ። ጤነኞቹ 990 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ 3 በመቶው፣ ማለትም 30 ገደማ ሰዎች፣ ሳይታመሙ ፖዘቲቭ ይባላሉ። በድምሩ 38 ሰው «ተገኝቶብሃል» ተባለ ማለት ነው። ከ38ቱ የታመሙት 8 ብቻ ናቸው።

አሁን ቫይረሱ ተዛምቶ ከ100 ሰው 10ሩን ይዟል እንበል። 100 ሕሙማን አሉ። 80ው ይገኛሉ። በስህተት ፖዘቲቭ የሚባሉት 27 ናቸው። እዚህ ላይ ፖዘቲቭ ከተባሉት መካከል አብዛኛው የእውነት የታመመ ነው።

የመመርመሪያ ኪቱ ያው ነው፣ የምርመራው ሥራ ያው ነው። ትርጉሙ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ስለዚህ ቫይረሱ ባልተዛመተበት ጊዜ ሁሉንም ሠራተኛ በጅምላ መመርመር በአብዛኛው ጤነኛውን ከሥራ የሚያስቀር ነው። እንደዚያ ባለ ጊዜ ፈጣኑ ምርመራ ፖዘቲቭ ያለውን ሰው ወዲያው በፒሲአር ማረጋገጥ ግዴታ መሆን አለበት። በምርመራ መመሪያ ላይ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከጎደለች 30 ሰው ያለ ጥፋቱ ይቀጣል።

ሌላም አለ። ዛሬ ጠዋት ኔጋቲቭ የሆነ ሰው ከነገ ወዲያ ሊያስተላልፍ ይችላል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ለመብዛት ቀናት ይወስድበታል። በወር አንድ ጊዜ ተመርምሮ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ኪስ ውስጥ መያዝ የሚጠቅመው ለተቆጣጣሪው ነው። ጠረጴዛው ፊት ለቆመው ባለጉዳይ አይጠቅመውም። ምርመራ እንደ ማጣሪያ እንዲሠራ ከተፈለገ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ መደጋገም አለበት። ያን ያህል ኪት ከየት ይመጣል? ይህ ጥያቄ መመሪያው ከመፈረሙ በፊት መመለስ ያለበት ነው።

የመመለሻው ጉዳይም አለ። ድኖ ሊመለስ የመጣን ሠራተኛ «ኔጋቲቭ ወረቀት አምጣ» ማለት ልማድ ሆኖ ነበር። ፒሲአር ግን የሞተውን ቫይረስ ቅሪትም ያነሳል። ሰውየው ድኖ፣ ለማንም የማያስተላልፍ ሆኖ፣ ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊባል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ምክሩን የቀየረው ለዚህ ነው። ሁለት ኔጋቲቭ ውጤት መጠበቁን ትቶ፣ ምልክት ከታየ 10 ቀን፣ ከዚያ ምልክቱ ከጠፋ ተጨማሪ 3 ቀን በቂ ነው አለ። ቀን መቁጠር ይበቃል። ወረቀት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 የፌዴራል ሠራተኞቿን «መከተባችሁን አረጋግጡ፣ ያልተከተበ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይመርመር» አለች። በሴፕቴምበር ላይ ነገሩ ጠብቆ ክትባቱ ራሱ ግዴታ ሆነ። በጃንዋሪ 2022 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ዳኛ የክትባት ግዴታውን አገደው። ክርክሩ ረጅም ነበር፣ በሜይ 2023 ግዴታው ተነሳ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመን ትንሿ ነገር ናት። መሥሪያ ቤቱ ያዘዘውን ምርመራ ወጪ መሥሪያ ቤቱ ይችል ነበር። ለመመርመር የጠፋው ሰዓትም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር ነበር።

ጣሊያን ሌላ መንገድ ሄደች። ከኦክቶበር 15 ቀን 2021 ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ሠራተኛ አረንጓዴ ፓስ የሚባለውን ማስረጃ ሳያሳይ ሥራ መግባት አይችልም ተባለ። ያልተከተበ ሰው ፈጣን ምርመራ ካደረገ ማስረጃው የሚያገለግለው ለ48 ሰዓት ነበር። ወጪው የራሱ ነበር። ዋጋው 15 ዩሮ እንዲሆን መንግሥት ጣሪያ አበጀለት። ሙሉ ሳምንት ለሚሠራ ሰው በየሁለት ቀኑ 15 ዩሮ ማለት ነው። ሆንግ ኮንግም ያልተከተቡ የመንግሥት ሠራተኞች በየሁለት ሳምንቱ በራሳቸው ገንዘብ እንዲመረመሩ አዘዘች።

በእነዚህ ሁለቱ ምርመራው ሥራውን ቀይሯል። በሽታ መፈለጊያ መሆኑ ቀርቶ ሰው እንዲከተብ መግፊያ ሆኗል። ክትባት መልካም ነገር ነው፣ እኔም ተከትቤያለሁ። ምርመራን እንደ ቅጣት መጠቀም ግን አይዋጥልኝም። አንደኛ፣ የተከተበም ሰው ይያዛል፣ ያስተላልፋልም። ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ ሲመጣ ይህን ሁሉም አይቷል። ሁለተኛ፣ ምርመራን ቅጣት ያደረገ አገር በሚቀጥለው ወረርሽኝ ሕዝቡን «ኑ ተመርመሩ» ሲለው የሚሰማው አያገኝም።

አሜሪካኖች መጨረሻ ላይ የደረሱበት ነጥብም ልብ ይባል። የሥራ እኩልነት ኮሚሽናቸው መጀመሪያ አሠሪ ሠራተኛን ያለ ብዙ ጥያቄ መመርመር ይችላል ሲል ቆይቶ፣ በጁላይ 2022 ምርመራው ከሥራው ጋር የተያያዘና የግድ አስፈላጊ መሆኑ መታየት አለበት አለ። ማለትም ምክንያቱን የማስረዳት ሸክሙ አሠሪው ላይ ወደቀ። ለእኛም የምመኘው ይህንን ነው።

ወደ ቤታችን

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከዚያ በፊት የተጠርጣሪ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ቀጥሎም አገሪቱ ሙሉ ወደ አዲስ አበባ ስታይ ቆየች። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ቆይቶ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍ ምርመራውን እዚሁ መሥራት ጀመረ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሕሙማኑን ተቀበለ። ይህ ለአካባቢው ትልቅ እፎይታ ነበር።

ያን ሁሉ ግን ጦርነት አገኘው። በጥቅምት 2014 ውጊያው ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። እስከ ኅዳር 27 ድረስ የሆስፒታሉም የመሥሪያ ቤቶችም ንብረት ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። አንድ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቢሮ ደጅ ላይ የሠራተኞች ማኅደር ጭቃ ላይ ተበትኖ ነበር። ጉርድ ፎቶ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሳሁ፣ የሰው የሕመም ታሪክ ነው። ሳላነብ ገልብጬ አስቀመጥኩት። አላፊ አግዳሚው ግን ይረግጠዋል፣ የፈለገም ያነበዋል።

ስለ ምርመራ ውጤት ምስጢርነት ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ ያ ጭቃ ነው። ጦርነት ባይመጣም እንኳ የእኛ ቢሮ ወረቀት በብዙ እጅ ያልፋል። ውጤቱ ከላቦራቶሪ ወደ ኃላፊው፣ ከኃላፊው ወደ ሰው ሀብት፣ ከሰው ሀብት ወደ ጸሐፊዋ፣ ከዚያ ወደ ቡና ሰዓት። ከምሳ በፊት ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ውጤት በሠራተኛው ማኅደር ውስጥ ጭራሽ መግባት የለበትም። ለሰው ሀብት የሚደርሰው «እስከዚህ ቀን ድረስ ሥራ አይገባም» የምትል ወረቀት ብቻ ትሁን። ምክንያቱ እዚያ ላይ አይጻፍ።

ሕጉም ይህን ይደግፋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ጋር መድቦታል። ከዚያም በፊት ጥሩ ልማድ ነበረን። መንግሥት ሠራተኛ ሲቀጥር የጤና ምርመራ ይጠይቃል፣ የኤችአይቪ ምርመራን ግን አይጠይቅም። ወሎ ኤችአይቪ በበረታበት ዘመን ብዙ ሰው ቀብሯል። ሰው ከምርመራ ይሸሽ የነበረው ከመርፌው ሳይሆን ከጎረቤቱ ዓይን ነበር። ለውጥ የመጣው ምክርና ምስጢር ከምርመራው ቀድመው ሲመጡ ነው።

ልዩነት እንዳለ አውቃለሁ። ኤችአይቪ አንድ ቢሮ አብሮ በመቀመጥ አይተላለፍም። የመተንፈሻ አካል ቫይረስ ይተላለፋል። ስለዚህ ኮቪድን በመሰለ ወረርሽኝ ጊዜ የግዴታ ምርመራ ሊኖር ይችላል ብዬ እቀበላለሁ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 93 ወረርሽኝን የአስቸኳይ ጊዜ ማወጃ ምክንያት አድርጎታል፣ ክልልም በራሱ ሊያውጅ ይችላል። በመጋቢት 30 ቀን 2012 የታወጀው ለዚሁ ነበር። ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣው ደብዳቤ ምን ላይ ይቆማል? ኃላፊው በፈቃዱ ወይም በፍርሃቱ የጻፈው አንድ ገጽ ሰው ከደመወዙ ሊያስቀር አይገባም።

የክፍያው ነገር ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ። የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ለታመመ ሰው ነው። የሐኪም ወረቀት ያስፈልገዋል። ፖዘቲቭ ሆኖ ምንም የማይሰማው ሠራተኛስ? ፖዘቲቭ ከሆነ ሰው ጋር ቢሮ የተጋራና ለጥንቃቄ ቤት የተቀመጠውስ? እሱ አልታመመም። ስለዚህ የሕመም ፈቃድ የለውም። የሚሆነውን እናውቃለን፣ ከዓመት እረፍቱ ይቆረጥበታል። እረፍት ያልቀረው ደግሞ ምንም አልነካኝም ብሎ ይመጣል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላሉት የሚሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። እሱ ለታመመ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀሩትን ሦስት ወር ያለ ክፍያ ይሰጣል። የመንግሥት ሠራተኛው ሕግ ሌላ ነው። ቀዳዳው ግን ሁለቱም ጋ አንድ ነው። «ጤነኛ ነህ፣ ግን ቤትህ ተቀመጥ» የተባለውን ሰው በቀጥታ የሚያነሳ መስመር መጨመር አለበት።

ማን ይመርመር የሚለውንም በደንብ መለየት ይቻላል። ሁሉም ሠራተኛ እኩል አይጋለጥም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ከጅቡቲ መስመር የመጣ ሾፌር ሰነድ የሚቀበል ሠራተኛ አለ። ቀበሌ ላይ መታወቂያ የሚሰጥ፣ ገቢዎች መስኮት ላይ ቀኑን ሙሉ ከግብር ከፋይ ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገር አለ። ፎቅ ላይ ብቻውን ሪፖርት የሚጽፍም አለ። ኪቱ ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ ለመስኮቶቹ ይሁን። ምልክት ለታየበትና ከታመመ ሰው ጋር ለዋለ ደግሞ በየትኛውም ቢሮ ቢሆን ቅድሚያ ይሰጠው። በየቀኑ በሐረጎ ጠመዝማዛ በሚኒባስ ተጨናንቆ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ ሠራተኛ ብዙ ነው። ቢሮውን ብቻ አጣርተን መንገዱን ብንረሳ የትም አንደርስም። ፈረቃ ማድረግ፣ ሰርቪሱን ማብዛት፣ መስኮት መክፈት፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን እስክሪብቶ መስጠት ከኪት የሚረክሱ ናቸው። ኪት ሲጠፋም ይሠራሉ።

በዓለም ደረጃ የወረርሽኝ ስምምነት በግንቦት 2017 ጸድቋል። እሱ አገራት እርስ በርስ ስለሚተጋገዙበት ነው የሚያወራው። የእኛን ቢሮ በር የሚመለከተውን ራሳችን ነን የምንጽፈው። ወረርሽኝ ሲመጣ ደግሞ ለመጻፍ ጊዜ የለም። ሰው ይፈራል፣ ከላይ ይታዘዛል፣ የጎረቤት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ይገለበጣል። ረጋ ባልንበት በዚህ ጊዜ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ሰው ሀብትና የጤና ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ቢያዘጋጁት ምንም አይከብድም። እኔ ረቂቁን አርቅቅ ብባል ስለ ናሙና አወሳሰድ ከሚያወራው ገጽ አልጀምርም። የመጀመሪያውን አንቀጽ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«በመሥሪያ ቤቱ ትዕዛዝ ተመርምሮ ፖዘቲቭ የሆነ፣ ወይም ለጥንቃቄ ቤቱ እንዲቆይ የተነገረው ማንኛውም ሰው፣ ቋሚም ይሁን ኮንትራት፣ በኤጀንሲ የተቀጠረ ጥበቃና ጽዳትም ቢሆን፣ ቤት በቆየባቸው ቀናት ሙሉ ክፍያውን ያገኛል።»